እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ በእንጨት ጋግራለች፣ አሁን መርሳት ጀምራለች፤ ጭሱ ይሆን?

የጉለሌ_ልጅ፦

ሰላም ለሁላችሁ። የምታውቁትን ንገሩኝ ብዬ ነው የመጣሁት።

እናቴ ሰባ ዓመት ሊሞላት ነው። ያሳደገችን እንጀራ ጋግራ በመሸጥ ነው። ጓሮ ባለችው የቆርቆሮ ማድ ቤት፣ የባህር ዛፍ ቅጠልና ጭራሮ እየማገደች። ማድ ቤቷ መስኮት የላትም። ጭሱ የሚወጣው በበሩና በጣራው ሽንቁር ነው። እኛ ልጆች ገብተን ትንሽ መቆም እንኳ አንችልም ነበር። እሷ ግን ከሌሊት ጀምራ እስከ ረፋድ እዚያው ናት።

ከአምና ወዲህ ነገር ትረሳለች። አንዱን ጥያቄ ደጋግማ ትጠይቃለች። ድስት ጥዳ ረስታው ትወጣለች። የዱቤ ደንበኞቿን ሒሳብ ሁሉ በቃሏ የምትይዝ ሴት ነበረች፤ አሁን መልስ መስጠት ያቅታታል።

ታላቅ እህቴ "እርጅና ነው፣ አታካብዱት" ትላለች። ወንድሜ ደግሞ የአየር ብክለት ለአልዛይመር ያጋልጣል የሚል ጽሑፍ አንብቦ "የጎዳት ጭሱ ነው" ብሎ ደመደመ። በዚህ ነገር ቤታችን ሰላም አጥቷል። ሲከራከሩ ሰምታ እናቴ "እናንተን ላሳድግ ብዬ ጭንቅላቴን አቃጠልኩት ማለት ነው?" አለችኝ። አንጀቴን በላችው።

ነገሩ እውነት ነው? እውነት ከሆነስ ምን ያህል? አሁንስ የሚደረግ ነገር አለ?


የነርቭ_ሐኪም፦

እህቴ፣ መጀመሪያ የእናትሽን ጥያቄ ልመልስ። አይደለም በያት። የአንድ ሰው መርሳት "ከጭሱ ነው የመጣው" ብሎ በእርግጠኝነት ሊናገር የሚችል ሐኪም የለም። ጥናቶቹ የሚናገሩት ስለ ሚሊዮን ሰዎች እንጂ ስለ አንዲት እናት አይደለም። ጭሱ ድርሻ ቢኖረው እንኳ ጥፋቱ የእሷ አይደለም። ሌላ ማገዶ አልነበራትም።

ወንድምሽ ያነበበው ግን ወሬ አይደለም። ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት ያሰባሰበው የባለሙያዎች ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2020 የአየር ብክለትን ለመርሳት በሽታ ከሚያጋልጡና ሊቀነሱ ከሚችሉ ነገሮች ጋር መድቦታል። በ2024 ዝርዝሩ 14 ደርሷል። አሥራ አራቱም ቢወገዱ በዓለም ላይ ካለው የመርሳት በሽታ 45 በመቶ ያህሉን መከላከል ወይም ማዘግየት ይቻል ነበር ይላል ኮሚሽኑ። ከ45ቱ ውስጥ የአየር ብክለት ድርሻ 3 በመቶ ነው። የመስማት ችግር 7 በመቶ ይይዛል። በልጅነት በቂ ትምህርት አለማግኘት 5፣ ከሰው መገለልም 5። ኮሌስትሮል፣ ደም ግፊት፣ ስኳር፣ ሲጋራ፣ ድብርት፣ የጭንቅላት ጉዳት ሁሉም አሉበት።

3 በመቶ ትንሽ መስሎ እንዳያታልለን። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 57 ሚሊዮን ሰዎች ከመርሳት በሽታ ጋር እንደሚኖሩ ገምቷል። ደግሞም ይህ የዓለም አማካይ ነው። መስኮት በሌለው ማድ ቤት ግማሽ ቀን ለምትውል ሴት ተብሎ የተሰላ አይደለም።

ምን ያህል ላልሽው፣ የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2025 ያወጡት ሥራ ጥሩ መልስ አለው። 51 ጥናቶችን አንድ ላይ አድርገው አዩ። በነሱ ውስጥ 29 ሚሊዮን ገደማ ሰዎች አሉ። ፒኤም 2.5 የሚባለው ደቃቅ ብናኝ በአንድ ሜትር ኪዩብ አየር ውስጥ በ10 ማይክሮግራም በጨመረ ቁጥር የመርሳት በሽታ ስጋት በ17 በመቶ ከፍ ይላል። ቁጥሩን በቀላሉ ላስረዳሽ። ከመቶ ሰዎች አሥሩ በበሽታው ይያዙ ነበር እንበል። በዚያ ብናኝ ውስጥ ሲኖሩ አሥራ ሁለት ሊጠጉ ነው። የሚበዙት ሰዎች አሁንም አይያዙም። በአንድ ከተማ ሕዝብ ላይ ስናሰላው ግን ብዙ ቤተሰብ ነው።

አሁን ወደ እናትሽ። "እርጅና ነው" ብሎ መተው አይገባም። የሰው ስም ቶሎ አለመምጣት፣ መነጽር ያስቀመጡበትን ማጣት ከዕድሜ ጋር የሚመጣ ነው። ዕድሜዋን ሙሉ የሠራችውን ሒሳብ መሳትና እሳት ላይ የጣዱትን መርሳት ግን ምርመራ ይፈልጋል። አልዛይመር ሳይሆን መርሳት የሚያመጡ፣ ሊታከሙ የሚችሉ ነገሮች አሉ። የቫይታሚን ቢ12 እጥረት፣ የታይሮይድ ሆርሞን ማነስ፣ ድብርት፣ አንዳንድ የእንቅልፍና የአለርጂ መድኃኒቶች፣ ወድቃ ተመትታ ከሆነ ደግሞ ራስ ቅል ውስጥ ቀስ እያለ የሚጠራቀም ደም። እነዚህ ሳይታዩ "አበቃላት" አይባልም።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ስትጋግር ራሷን ያማታል? ያዞራታል? ያቅለሸልሻታል? ከሰል አቀጣጥላ ክፍል አስገብታ ትተኛለች? የከሰልና የእንጨት ጭስ ካርቦን ሞኖክሳይድ አለበት። ሽታ የለውም፣ አይታይም። በቶሎ የሚገድለውን ሁላችንም ሰምተናል። ከመርዙ ተርፈው ከሳምንታት በኋላ የማስታወስ ችግር የሚታይባቸው ሰዎች አሉ። ይህን ለሚመረምራት ሐኪም ሳትደብቂ ንገሪው።


መርካቶ_ተራ፦

ይቅርታ አድርጉልኝና እኔ አልተዋጠልኝም። አያቴ መንዝ ነው የኖረችው። ምድጃው ቤቱ መሃል ነው። ጣራው ከጭስ ብዛት እንደ ሬንጅ ጠቁሮ ነበር። ከዘጠና በላይ ኖራ እስክትሞት ድረስ የዘመድ ዝርዝር እስከ ሰባት ቤት ትቆጥርልን ነበር። አንድም ቀን አልተሳሳተችም።

በጭስ ያደገ ሕዝብ ነው ይሄ። በጭስ አንጎል የሚበላሽ ቢሆን ኖሮ አገሩ ሁሉ ይረሳ ነበር። ደሞ ድሃ ምን አማራጭ አለው? ኤሌክትሪክ የለው፣ ጋዝ አይገዛ። ማስፈራራት ብቻ ምን ይጠቅማል? የልጅቷን እናት ጭንቀት ጨመራችሁባት እንጂ።


ጤና_ኤክስቴንሽን፦

ወንድሜ መርካቶ፣ አያትህን ነፍስ ይማር። የምትለው ነገር እውነት አለው፤ ብዙዎች በጭስ ውስጥ ኖረው አእምሯቸው ሳይነካ አርጅተዋል። እኔ ግን ገጠር ቤት ለቤት የምዞር ባለሙያ ነኝ። ሌላውንም አያለሁ።

ማድ ቤት ታዝለው ያደጉ ሕፃናት በሳንባ ምች ሲታመሙ አያለሁ። ሲጋራ አፋቸው ደርሶ የማያውቅ እናቶች ሲያስሉ ሌሊቱን ይነጋሉ። ጓዳ ውስጥ "ጃጅተዋል" ተብለው የተቀመጡ አዛውንቶችም አሉ። ልጆቻቸው ይወዷቸዋል፣ ያጥቧቸዋል፣ ያጎርሷቸዋል። ግን ካርድ ወጥቶላቸው አያውቅም። የማንም ጥናት ውስጥ የሉም። ጸበል ይወሰዳሉ፣ ከዚያ ጓዳ ይመለሳሉ። የአያትህን ታሪክ ሁሉም በኩራት ያወራዋል። የነሱን ማን ያወራል? ስለዚህ "በእኛ አገር የለም" ለማለት እቸገራለሁ።

ማስፈራራት ላልከው ደግሞ፣ እናቶቹ ራሳቸው ጭሱን ጠልተውታል እኮ። ዓይናቸው የሚያለቅሰው እነሱ ናቸው። እኔ ስለ ጭስ ሳወራ "ልጄ፣ አንቺ ብቻ ነሽ የጠየቅሽኝ" ያለችኝ እናት አለች።


የነርቭ_ሐኪም፦

ለመርካቶ_ተራ አንድ ነገር ልጨምር። ዘጠና ዓመት የደረሱትን ብቻ ካየን፣ በመንገድ የቀሩትን አንቆጥርም። በቤት ውስጥ ጭስ ምክንያት በልብ፣ በስትሮክና በሳንባ የሚሞቱት የመርሳት ዕድሜ ላይ ሳይደርሱ ነው የሚሄዱት። የዓለም ጤና ድርጅት የቤት ውስጥ አየር ብክለት እ.ኤ.አ. በ2020 ብቻ 3.2 ሚሊዮን ሰዎችን ገድሏል ብሎ ይገምታል።

ስለ ማገዶ በቀጥታ የተሠራ ጥናትም አለ። በሜክሲኮ፣ በሕንድና በቻይና በዕድሜ የገፉ ሰዎችን አነጻጽረዋል። በእንጨት፣ በከሰልና በኩበት የሚያበስሉት የማስታወስና የማሰብ ፈተና ላይ ያመጡት ውጤት ዝቅ ያለ ነበር። ድህነትና ትምህርትም አብረው ስለሚሄዱ ሁሉን ነገር በጭሱ ላይ መጫን አይቻልም። ተመራማሪዎቹ እነዚህን በስሌት ለመለየት ሞክረዋል፣ ልዩነቱ ግን ሙሉ በሙሉ አልጠፋም።


ሁለተኛ_ዓመት፦

የገረመኝን ልጠይቅ። ጭስ የሚገባው ሳንባ ነው። አንጎል ጋ እንዴት ደረሰ?


ባዮሜዲካል፦

ጥሩ ጥያቄ ነው። ዋናው ነገር መጠኑ ነው። ፒኤም 2.5 ማለት ስፋቱ ከ2.5 ማይክሮን የማይበልጥ ብናኝ ነው። የሰው ጸጉር ውፍረት አንድ ሠላሳኛ ገደማ። ከዚያም በጣም የሚያንሱ አሉ።

አንዱ መንገድ በሳንባ በኩል ነው። በጣም ደቃቁ ብናኝ የሳንባን የመጨረሻ ከረጢቶች አልፎ ደም ውስጥ ይገባል። የደም ሥሮችን ያስቆጣል፣ ግፊት ይጨምራል፣ ለስትሮክ ያጋልጣል። ስትሮክ ደግሞ ራሱ መርሳት ያመጣል። አንጎል ከደም የሚመጣውን ነገር እየመረጠ የሚያስገባ ወንፊት አለው። ብግነት ሲቆይ ይህ ወንፊት ይሳሳል። ማይክሮግሊያ የሚባሉት የአንጎል ጠባቂ ሴሎች ይቆጣሉ። ቁጣቸው ለዓመታት ካልበረደ ጤነኛውንም ነርቭ ይጎዳሉ።

ሁለተኛው መንገድ አጭር ነው፤ አፍንጫ። የማሽተት ነርቭ ከአፍንጫ ጣራ ተነስቶ በቀጥታ አንጎል ይገባል። ደቃቅ ብናኝ በዚህ በኩል ሊያልፍ ይችላል። አልዛይመርም፣ እጅ የሚያንቀጠቅጠው ፓርኪንሰንም ብዙ ጊዜ ሌላው ምልክት ከመታየቱ በፊት የማሽተት ችሎታን ያዳክማሉ። ለዚህ ነው ተመራማሪዎች አፍንጫ ላይ ያተኮሩት።

ታሪኩ የተጀመረው ሜክሲኮ ሲቲ ነው ማለት ይቻላል። እንደ አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ያለች፣ በተራራ የተከበበች ከተማ ናት። ሊሊያን ካልዴሮን ጋርሲዱዌኛስ የምትባል ተመራማሪ የከተማዋን ውሾች አንጎል መረመረች። አየሩ ንጹሕ ከሆነበት ቦታ ውሾች ጋር ስታነጻጽራቸው፣ የአልዛይመር መለያ የሆነውን አሚሎይድ የተባለ ፕሮቲን ገና በልጅነታቸው አገኘችባቸው። በኋላ በድንገት የሞቱ ሕፃናትና ወጣቶች አንጎል ላይም ተመሳሳይ ምልክት አየች።

እ.ኤ.አ. በ2016 ደግሞ በእንግሊዝ የላንካስተር ዩኒቨርሲቲዋ ባርባራ ማኸርና ባልደረቦቿ ከሜክሲኮ ሲቲና ከማንቸስተር የ37 ሰዎችን የአንጎል ናሙና መርምረው ማግኔታይት የሚባል የብረት ብናኝ አገኙ። ቅርጹ ክብ ነው፤ በኃይለኛ ሙቀት ከሚቃጠል ነገር የሚወጣ ዓይነት። ብናኙ እዚያ መገኘቱ በሽታውን አመጣው ማለት አይደለም። አንጎል ድረስ ሊደርስ እንደሚችል ግን ጠቆመ።

እ.ኤ.አ. በ2025 የወጣው ደግሞ ሌዊ ቦዲ ስለሚባለው የመርሳት በሽታ ነው። ከፓርኪንሰን ጋር ይዛመዳል። በአሜሪካ ከ56 ሚሊዮን በላይ የአዛውንቶች የሕክምና መዝገብ ታይቶ፣ ብናኝ በበዛበት አካባቢ የሚኖሩ በዚህ በሽታ ሆስፒታል የመግባት ዕድላቸው ከፍ ብሎ ተገኘ። ላቦራቶሪ ውስጥ ብናኙን ለወራት የተጋለጡ አይጦች አንጎል ላይ የዚህ በሽታ መለያ የሆነው፣ አልፋ ሲኑክሊን የተባለው ፕሮቲን ተጠራቀመ። ፕሮቲኑ እንዳይኖራቸው የተደረጉ አይጦች ላይ ግን ጉዳቱ አልታየም። ለእኔ ከሁሉም የሚያሳምነው ይሄ ነው፤ መንገዱን ያሳያል።

ስለ ተለመደው ፓርኪንሰን ግን ጥናቶቹ አይስማሙም። አንዱ ግንኙነት ያገኛል፣ ሌላው አያገኝም።


መገናኛ_ሾፌር፦

እኔ ደሞ መንገድ ላይ ነው የምውለው። የእኔን ማን ያየዋል ብዬ ነው። ሚኒባስ ነው የምነዳው። ዳገት ላይ ከፊቴ አንድ ቅጥቅጥ አይሱዙ ካለ ጥቁር ጭሱ ቀጥ ብሎ በመስኮት ይገባል። ዝግ ካልኩ ሙቀቱ፣ ክፍት ካልኩ ጭሱ። ማታ አፍንጫዬን ስጠርግ ጥቁር ነው የሚወጣው። እኔስ ቢያንስ እንቀሳቀሳለሁ። አስፋልት ጠርዝ ላይ ጉሊት ዘርግተው ከጠዋት እስከ ማታ የሚቀመጡት እናቶች፣ ልጅ ታቅፈው፣ እነሱስ? ትራፊኮቹስ?

ማስክ ይጠቅማል ወይ?


ባዮሜዲካል፦

ሾፌር ወንድሜ፣ ያየኸው ትክክል ነው። ከፍታም አለበት። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው። አየሩ ሳሳ ያለ ስለሆነ፣ አሮጌ የናፍጣ ሞተር በቂ ኦክስጅን አያገኝም። ያልተቃጠለው ነዳጅ ጥላሸት ሆኖ ይወጣል። ዳገት ላይ ሲጫን ይብሳል።

የካናዳ ኦንታሪዮ ጥናት የአንተን ጥያቄ ይነካል። 6.6 ሚሊዮን ሰዎችን እ.ኤ.አ. ከ2001 እስከ 2012 ተከታትለው በ2017 አሳተሙት። ከዋና መንገድ በ50 ሜትር ውስጥ የሚኖሩት በመርሳት በሽታ የመያዝ ዕድላቸው 7 በመቶ ከፍ ብሎ ተገኘ። ከ50 እስከ 100 ሜትር 4 በመቶ። ከዚያ እስከ 200 ሜትር 2 በመቶ። ከዚያ ወዲያ ልዩነት የለም። እየራቁ በሄዱ ቁጥር የሚቀንስ መሆኑ ነው ትልቁ ቁም ነገር። በነገራችን ላይ ፓርኪንሰን ላይ ይሄው ጥናት ምንም ግንኙነት አላገኘም።

ማስክ፦ ሰማያዊዋ የሐኪም ማስክ በጎን ክፍት ስለሆነች ለብናኝ ብዙም አትረዳም። የጨርቁም እንደዚያው። ፊት ላይ ገጥሞ የሚቀመጠው ኤን 95 ይሠራል። ቀኑን ሙሉ አድርጎ መንዳት ከባድ መሆኑን አውቃለሁ። ቢያንስ ከከባድ መኪና ኋላ ስትቆም መስኮቱን ዝጋ፣ የመኪናውን አየር ማስገቢያ ወደ ውስጥ ዝውውር አድርገው። ርቀት ትተህ ቁም።

የከተማው አየር ምን ያህል ነው ለምትሉ፣ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 የፒኤም 2.5ን የዓመት ገደብ ከ10 ወደ 5 ማይክሮግራም ዝቅ አድርጎታል። የአዲስ አበባ የዓመት አማካይ ከዚህ ከሦስት እጥፍ በላይ ነው። የአሜሪካ ኤምባሲ እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ በየሰዓቱ ይለካ ነበር፤ ያንን ለሕዝብ ማሳየቱ እ.ኤ.አ. በ2025 መጀመሪያ አካባቢ ቆሟል። ያሳዝናል። እንጨት የሚነድበት ዝግ ማድ ቤት ግን ከመንገዱም ይብሳል። በጋገራ ሰዓት በመቶዎች፣ አንዳንዴም ከሺህ በላይ ማይክሮግራም ይደርሳል።


ፓርኪንግ_ዲሲ፦

ከዋሽንግተን ነኝ። እዚህ የሕንፃ ስር ፓርኪንግ ውስጥ የሚሠራው ብዙው የእኛ ልጅ ነው፤ የምታውቁት ታውቁታላችሁ። እኔም ብዙ ዓመት ከመሬት በታች ሁለተኛ ወለል ላይ ነበርኩ። ክረምት ላይ መኪና ሲሞቅ ጭሱ እዚያው ይዞራል። ማታ ማታ ራሴን ያመኝ ነበር። ድካም ነው እያልኩ አልፌዋለሁ።

አንድ የሥራ ባልደረባችን ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚለካ ትንሽ መሣሪያ ገዝቶ አመጣ። ሲጮህብን ነው የነቃነው። የአየር መሳቢያው ሥራ ካቆመ ስንት ጊዜው። ተሰባስበን ለኃላፊው ጻፍን፣ ብዙ ተመላልሰን ተሠራ። ራስ ምታቱ ጠፋ። ስለዚህ እናንተ ሾፌሮችም፣ እዚህ ያላችሁ የፓርኪንግ ልጆችም፣ መለኪያዋን ግዙ። ዋጋዋ ትንሽ ናት።

እዚህም አየሩ ሁሌ ንጹሕ አይደለም። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2023 የካናዳ ሰደድ እሳት ጭስ መጥቶ ሰማዩ ቢጫ ሆኖ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2024 ከደቡብ ካሊፎርኒያ የወጣ ጥናት የሰደድ እሳት ጭስ ለመርሳት በሽታ ከሌላው ብናኝ የበለጠ ያጋልጣል ይላል። ስድሳና ከዚያ በላይ የሆናቸው ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰዎች ናቸው የታዩት። እናም የጉለሌ ልጅ፣ የሚነደው እንጨት መሆኑን ስሰማ ያንቺ እናት ትዝ አለችኝ።

ከሰኞ ጀምሮ የማስበው አንድ ነገር ነው። እኔ ለበዓል ገንዘብ እልካለሁ። እህቴ ግን አሁንም በእንጨት ነው የምትጋግረው። ለኤሌክትሪክ ምጣድ ብዬ ለብቻው ልኬ አላውቅም።


ሰፈር_ጠባቂ፦

ስለ ማድ ቤት ብቻ አናውራ። በየማታው ፌስታልና የውሃ ፕላስቲክ የሚያቃጥል ጎረቤት አለኝ። ከሰል ለማቀጣጠል ፌስታል የምትለኩስም ብዙ ናት፣ ቶሎ ይያዛል ብላ። የፕላስቲክ ጭስ ከእንጨቱ ይከፋል እኮ!

ህዳር 12ንም አስቡት። ህዳር ሲታጠን ከተማው ሙሉ በጭስ ይሸፈናል። የተጀመረው በ1911 ዓ.ም. የህዳር በሽታ ነው፤ አያቶቻችን በወረርሽኙ አልቀው ነበር። ቆሻሻ ሰብስቦ ማቃጠል የዚያን ጊዜ የታያቸው መከላከያ ነበር። ያኔ የሚቃጠለው ቅጠልና ጭድ ነው። ዛሬ ፕላስቲክ፣ ጎማ፣ የተጣለ ጫማ ነው። አስም ያለባት ልጄን ይዤ በዚያ ቀን ከቤት አልወጣም።


መርካቶ_ተራ፦

ህዳርን አትንኩብኝ። የሞቱት የሚታሰቡበት ቀን ነው። ቅዱስ ሚካኤልም ነው።


ሰፈር_ጠባቂ፦

ማን ነካው? ጽዳቱ ይቅር አላልኩም። ሰፈሩ ወጥቶ ይጥረግ፣ ቦዩ ይከፈት፣ ቆሻሻው በማዳበሪያ ታስሮ በመኪና ይጫን። ከቤተ ክርስቲያን የሚወጣውን ዕጣን ማንም አልከለከለም። ፕላስቲኩን ብቻ አናቃጥለው። የሞቱትን ለማሰብ የቆሙትን ማሳመም የለብንም።


መርካቶ_ተራ፦

እሱስ እሺ። ፌስታሉን በተመለከተ ተስማምተናል።


የጉለሌ_ልጅ፦

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ያላችሁትን ሁሉ ለእህቴና ለወንድሜ አንብቤላቸዋለሁ።

እናቴን ወስደናታል። ግፊቷ በጣም ከፍ ብሎ ተገኘ፣ መድኃኒት ጀምራለች። ጆሮዋም ደክሟል። እኛ እየረሳች ነው ያልነው አንዳንዱ ነገር መጀመሪያውኑ አልሰማችውም ነበር። የደም ምርመራው ገና አልመጣም። የማስታወስ ፈተናው ላይ ግን ሐኪሙ ችግር እንዳለ ነግሮናል፣ የራስ ምርመራም አዝዞላታል። ራስ ምታቱን ጠይቀሽ ነበር ዶክተር፤ አዎ፣ በጋገራ ቀን ያማታል። ለኛ ነግራን አታውቅም።

አሁን ጭሱን ማቆም ጥቅም አለው? ወይስ ውሃ ከፈሰሰ በኋላ ነው? ሁለተኛው፣ እሷ "በኤሌክትሪክ የተጋገረ ዓይን የለውም፣ ደንበኞቼ አይወዱትም" ትላለች። ምን ልበላት?


የነርቭ_ሐኪም፦

በደንብ አድርጋችኋል። ግፊቷና ጆሮዋ ሁለቱም ከዚያ ዝርዝር ውስጥ ያሉ፣ ዛሬ ሊነኩ የሚችሉ ነገሮች ናቸው። መድኃኒቱን እንዳታቋርጥ፣ "ደህና ነኝ" ብላ የምትተወው እሱን ነው። የጆሮ ማዳመጫ መሣሪያ የሚቻል ከሆነ ሞክሩ። እስከዚያው ፊት ለፊቷ ሆናችሁ፣ ቀስ ብላችሁ አውሯት። ከማኅበሯና ከጎረቤት ቡና እንዳትቀር። ቡናው ከሰል ከሆነ ደጅ ይቀጣጠል፤ ጭሱ ካለቀ በኋላም ካርቦን ሞኖክሳይዱ ስለሚቀጥል በሩ ክፍት ይሁን።

ጭሱን ማቆም ይጠቅማል። እ.ኤ.አ. በ2022 በአሜሪካ ከሰባ በላይ የሆኑ ሴቶች ላይ የታተመ ጥናት አለ። የሚኖሩበት አካባቢ አየር በተሻሻለላቸው ሴቶች ላይ የመርሳት በሽታ ስጋት ቀንሶ ታይቷል። በዚያ ዕድሜም ማለት ነው። የጠፋውን ይመልሳል አልልሽም። ለልቧ፣ ለግፊቷና ለሳንባዋ ግን ጥቅሙ ቶሎ የሚታይ ነው። ደግሞ ድስት ረስታ የምትወጣ ሴት ከክፍት እሳት ጋር ብቻዋን መሆን የለባትም። ይሄኛው ከአንጎል በሽታው በፊት የሚመጣ አደጋ ነው።


ምጣድ_ጠጋኝ፦

የዓይኑን ነገር ለእኔ ተዉልኝ። የኤሌክትሪክ ምጣድ እሠራለሁ፣ እጠግናለሁ።

እናትሽ ተሳስታለች አልልም። መጥፎ ምጣድ ዓይን አያወጣም። ምክንያቱ ኤሌክትሪክ መሆኑ አይደለም። ሬዚስታንሱ፣ ማለትም የሚግለው ሽቦ፣ እኩል ካልተዘረጋ መሃሉ ይሞቃል፣ ዳሩ ይቀዘቅዛል። ወይም ኃይሉ ይወርድና ምጣዱ በደንብ ሳይግል ሊጡ ይፈስበታል። የጋለ ምጣድ ላይ፣ በደንብ የቦካ ሊጥ ከሆነ ዓይኑ ይወጣል። ስንት እንጀራ ነጋዴ በኤሌክትሪክ እየጋገረ ለሆቴል ያስረክባል።

ምጣዱ ከሦስት ኪሎ ዋት በላይ ይስባል። በቀጭን ሽቦ ከጎረቤት ተቀጥሎ አይሆንም፤ ሽቦው ይግላል፣ ቤት ያቃጥላል። ለብቻው ወፍራም ገመድና ብሬከር ያስፈልገዋል። ማታ ሁሉም ሲያበስል ኃይል ይወርዳል፣ ስለዚህ ሌሊት ወይም ረፋድ ነው የሚሻለው። እናትሽ ከሌሊት የምትነሳ ከሆነ ለሷ ተመችቷል። ክዳኑ ይግጠም፣ ከስሩ ሙቀት እንዳያባክን በደንብ የተለሰነ ይሁን። የመርሳት ነገር ካለ ደግሞ ሰዓት ሲሞላ ራሱ የሚያጠፋ ማብሪያ ይገጠምለታል፤ ይሄን ሳትረሱ ጠይቁ።

መብራት የሚጠፋበት ቀን እንጨቱ መቅረት ካልቻለ፣ ያ ሦስት ጉልቻው ይነሳ። "ምርጥ" የሚባለው፣ ከሲሚንቶና ፑሚስ ከሚባለው ቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ የሚሠራው ምድጃ እሳቱን ስለሚከልል እንጨቱን እስከ ግማሽ ይቀንሰዋል። ጭሱን ግን አያጠፋም። ጣራው ላይ ጭስ ማውጫ ይከፈት፣ በበሩ ትይዩ አንድ መስኮት ይበሳ። ቆርቆሮ ነው፤ በግማሽ ቀን የሚያልቅ ሥራ ነው። እንጨቱም ደረቅ ይሁን፣ እርጥብ ቅጠል አትማግዱ።

የጉለሌ ልጅ፣ ከመግዛትሽ በፊት የቆጣሪያችሁን ዓይነትና ከቆጣሪው እስከ ማድ ቤቱ ያለውን ርቀት ጻፊልኝ። የሚያስፈልግሽን ገመድ ውፍረት እነግርሻለሁ።


ፓርኪንግ_ዲሲ፦

ምጣድ_ጠጋኝ፣ ለእህቴም እፈልጋለሁ። ደብረ ብርሃን ናት። እዚያ የሚገጥም ሰው ታውቃለህ?


የጉለሌ_ልጅ፦

ቆጣሪው ነጠላ ፌዝ ነው፣ ካርድ የሚሞላበት። ርቀቱን ዛሬ ማታ ወንድሜ ለክቶ እጽፍልሃለሁ።